ጉልቻ ቢለዋወጥ… የ600 ዶላሩ የካሜራ ማቆሚያ ማንን ያዋጣል?

ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ወጣ ገባ ወለል ላይ ሲቀመጥ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ካልተደረገለት ሲወላገድ ይውላል። ባለ ሦስት እግር ዕቃ ግን ሜዳም ቢሆን ድንጋያማም ቢሆን ሦስቱም እግሮቹ መሬት ይነካሉ። ይህን እውነት የአገራችን እናቶች የካሜራ ስም ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁታል። ሦስት ጉልቻ ጎልተው ድስት ሲጥዱ የኖሩት በዚሁ ዕውቀት ነው። ዛሬ በፎቶ ቤቶችና በሠርግ ድንኳኖች የሚታየው ትሪፖድ የተባለው የካሜራ ማቆሚያም የጉልቻ ልጅ ነው።

ጉልቻ ግን ነፃ ነው፤ ትሪፖድ ዋጋ አለው። ከእነዚህ ማቆሚያዎች አንዱ፣ ፒክ ዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው «ትራቭል ትሪፖድ»፣ የካርቦን ፋይበር ዓይነቱ ወደ ገበያ ሲወጣ 600 ዶላር ተጠይቆበታል። ይህ ገንዘብ አንድ ጀማሪ ካሜራ ማን ካሜራውን ራሱን ሊገዛበት የሚችል ገንዘብ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ግልጽ ነው። ካሜራውን ላይሸጥ፣ ፎቶ ላያነሣ፣ ዝም ብሎ ለሚቆም ሦስት እግር ይህን ያህል መክፈል ያዋጣል? የሚያዋጣ ከሆነስ ማንን?

ጥያቄው የካሜራ ማኑ ብቻ አይደለም። ዕቃውን አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ነጋዴ፣ በኮሚሽን የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ገንዘቡን በስቱዲዮ ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስበው ባለሀብት ሁሉ ሊመልሱት ይገባል።

ነገሩ ከየት መጣ?

ፒክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ሥራውን የጀመረው ካሜራን በቦርሳ ማንገቻ ላይ በሚያስር ትንሽ መቆንጠጫ ሲሆን፣ የሚታወቀውም ዕቃ ከመመረቱ በፊት ከገዢዎች ገንዘብ በመሰብሰብ ነው። ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ትሪፖዱን ሲያስተዋውቅ ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተውለታል። ነጋዴ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ድርጅቱ ለምርቱ የሚሆነውን የሥራ ማስኬጃ ያገኘው ከባንክ በወለድ ተበድሮ ሳይሆን ከራሱ ደንበኞች ኪስ ነው። የእኛ ሰው ዕቁብ የሚለውን ነገር በሌላ መልክ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው መውጣቱ ነው።

ይህን ያህል ሕዝብ ገንዘቡን አስቀድሞ የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትሪፖድ የሚባለው ዕቃ ለረጅም ዓመታት ብዙ አልተለወጠም ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 የፈረንሣዩ ጊትዞ ከብረትና ከአሉሚኒየም ይልቅ የካርቦን ፋይበር እግር ያለው ትሪፖድ ለገበያ ሲያቀርብ ነበር። ከዚያ በኋላ እግሮቹን ወደ ላይ ገልብጦ በራሱ ዙሪያ የማጠፍ ዘዴ መጣና የሚጓጓዘው ትሪፖድ አጠረ። ቢያጥርም ግን አልቀጠነም። እግሮቹ ክብ ቱቦዎች፣ የመሐሉም ምሰሶ ክብ ቱቦ በመሆኑ ሲታጠፍ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ዕቃውን የሚሸከመው ሰው አየርም አብሮ ይሸከማል።

አዲሱ ትሪፖድ የመጣው ይህን አየር ለማስወጣት ነው። እግሮቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እርስ በርስና ከመሐሉ ምሰሶ ጋር እንዲገጣጠሙ ሆነው ተቀርጸዋል። ካሜራው የሚያርፍበት «ቦል ሄድ» የተባለው ራስም ወደ ጎን የሚወጡ እጀታዎቹ ተነሥተውለት በአንድ ቀለበት እንዲጠብቅና እንዲላላ ተደርጓል። ሲታጠፍ ርዝመቱ 39 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የውኃ ጠርሙስ በሚገባበት የቦርሳ ኪስ ውስጥ ይገባል።

የሚመሰገንበት

አንደኛ፣ በርግጥም ትንሽ ነው። በካሜራ ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሁሉ የከፋው ትሪፖድ ቤት ተትቶ የሄደው ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት ጎንደር የሚወርድ፣ ለገና ላሊበላ የሚያድር፣ ወይም ከቱሪስት ጋር ኤርታሌ የሚወጣ ባለሙያ እያንዳንዷን ግራም ይቆጥራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመደበኛው ክፍል ለሚጓዝ መንገደኛ በእጅ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድለት ክብደት 7 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ባትሪውና ቻርጀሩ ከተቀነሰ የሚቀረው ጥቂት ነው። የካርቦኑ ትሪፖድ 1.27 ኪሎ፣ የአሉሚኒየሙ 1.56 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለቱም ራሳቸውን ጨምሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ይፈጥናል። እያንዳንዱ እግር አምስት ክፍል ሲኖረው ክፍሎቹ የሚከፈቱት በሚገለበጡ መቆለፊያዎች ነው። መቆለፊያዎቹ ተደርድረው ስለሚቀመጡ በአንድ እጅ ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ። የአሮጌው ዓይነት ባለ ጥምዝ መቆለፊያ አሥራ ሁለት ጊዜ መጠምዘዝ የሚጠይቅ ሲሆን ይህኛው ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። ታቦት እያለፈ ትሪፖድ ለሚፈታ ሰው የጥቂት ሴኮንዶች ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ መንገር አያሻም።

ሦስተኛ፣ በሆዱ የያዘው ነገር አለ። በመሐሉ ምሰሶ ውስጥ የስልክ መያዣ ተደብቋል። ዛሬ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቤት ሽያጭ ቪዲዮ፣ የመኪና ማሳያ በስልክ እየተቀረጸ ባለበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤትና መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ በአንድ ዕቃ ካሜራውንም ስልኩንም ማቆም ይችላል። ለማጥበቂያና ለመፍቻ የሚያገለግለው ቁልፍም እግሩ ላይ ተቀርቅሮ ይመጣል።

አራተኛ፣ ተፈትቶ ይጠገናል። ብሎኖቹ ተፈትተው ክፍሎቹ ሊጸዱና ሊለወጡ እንዲችሉ ተደርጎ የተሠራ ነው። አቧራና ጭቃ ለማይለየው አገር ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ተጣብቆ የተዘጋ ዕቃ አሸዋ ሲገባው ይጣላል፤ የሚፈታ ዕቃ ግን ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የሚነቀፍበት

ይህ ሁሉ መልካም ነገር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ተቀንሶ የመጣ ነው። የተቀነሰው ደግሞ ጥንካሬው ነው።

የትኛውም ቱቦ ሲቀጥን የመጎበጥ ዝንባሌው የሚጨምረው ቀስ በቀስ አይደለም። ከአንድ ዓይነት ጥሬ ዕቃና በአንድ ዓይነት ምጣኔ ከተሠሩ ሁለት ቱቦዎች መካከል አንዱ በግማሽ የቀጠነ ከሆነ፣ መጎበጥን የመቋቋም ኃይሉ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በዚያው ግፊት የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። አምስት ክፍል ያለው እግር የመጨረሻው ክፍሉ ከእርሳስ እምብዛም ያልወፈረ ቀጭን ነገር መሆኑ የማይቀር ነው። ነፋስ በሌለበት አዳራሽ ችግር የለም። እንጦጦ ላይ ነፋስ ሲነሣ፣ ወይም በሠርግ ቤት የእንጨት መድረክ ላይ እስክስታው ሲጦፍ ግን የቀጭን እግር ነገር ይታወቃል።

ቁመቱም ሌላ ጉዳይ ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚነበበው ከፍተኛ ቁመት 152 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ግን የመሐሉ ምሰሶ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ምሰሶው ሳይወጣ ቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ምሰሶው በወጣ ቁጥር ሦስት እግር የነበረው ዕቃ በአንድ ቀጭን እግር እንደ ቆመ ይቆጠራል። ረጅም ሰው በዓይኑ ትክክል ለመቅረጽ ሲል ምሰሶውን ያወጣል፤ ምሰሶው ሲወጣ ደግሞ 600 ዶላር የከፈለበት ጽናት ይጠፋል።

ለአገራችን ገበያ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ጉድለት ነው። ይህ ትሪፖድ ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ የሚከተሉበት፣ በሙያው አነጋገር «ፓን» የሚያደርጉበት ለብቻው የሚላላ መዞሪያ የለውም። ያለው ኳስ ብቻ ነው። ኳሱ ሲላላ ካሜራው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይወድቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ለቋሚ ፎቶ ይህ በቂ ነው። ሙሽራዋ ከበር ስትገባ ጀምሮ እስከ መቀመጫዋ በካሜራው መከተል ላለበት የቪዲዮ ባለሙያ ግን እጅን አስሮ እንደ ማሠራት ነው።

በአዲስ አበባ በካሜራ ሥራ ዳቦውን የሚበላው ሰው አብዛኛው የሚሠራው ሠርግ፣ መልስ፣ ልደት፣ ምረቃና ክርስትና ነው። ሥራውም ከፎቶው ይልቅ በቪዲዮው ይከብዳል። እንዲህ ላለው ባለሙያ የሚያስፈልገው በዘይት እየተንሸራተተ የሚዞር «ፍሉድ ሄድ» የተባለው ራስ ነው። ርግጥ ነው፣ የትራቭል ትሪፖዱ ራስ ሊነቀልና በሌላ ሊተካ ይችላል። ለዚህ ግን ለብቻው የሚሸጥ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ሌላው ራስም ሌላ ዋጋ ነው። ያ ከባድ ራስ ሲጫንበት ደግሞ ትንሽነቱም ቅለቱም፣ የተገዛበት ምክንያት ሁሉ፣ ያከትማል።

ቁጥር ሲታመን፣ ቁጥር ሲያታልል

ነጋዴ ቁጥር ይወዳል። የትሪፖድ ሳጥን ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች ገዢ ቶሎ ዓይኑን የሚያሳርፈው «ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል» በሚለው ላይ ነው። የትራቭል ትሪፖዱ ቁጥር 9.1 ኪሎ ነው። የጣልያኑ ማንፍሮቶ 055 የተባለው ባለ ሦስት ክፍል የአሉሚኒየም ትሪፖድ ደግሞ 9 ኪሎ ይላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን እኩል አድርጎ ይገዛል።

ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ማንፍሮቶው ያለ ራሱ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲታጠፍ 61 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እግሩም ወፍራም ነው። ለዚህ ምክንያቱ የሚሸከመው ኪሎ ሁሉም አምራቾች በአንድ ሚዛን የሚለኩት ነገር አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ለክቶ የራሱን ቁጥር ይጽፋል። ከዚያም በላይ፣ ዕቃ ሳይሰበር መሸከምና ሳይንቀጠቀጥ መሸከም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አህያ ኩንታል ትሸከማለች፤ በጀርባዋ ላይ ሆኖ ግን ጽሑፍ መጻፍ አይቻልም።

ቅለትም ዋጋው መቆጠር አለበት። በወጣበት ጊዜ የአሉሚኒየሙ ዋጋ 350 ዶላር፣ የካርቦኑ 600 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 250 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ቅለት 290 ግራም ነው። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ 100 ግራም ቅለት 86 ዶላር ያህል ይከፈላል ማለት ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ይህን ሊከፍል ይችላል። ዕቃውን ከመኪና አውርዶ አዳራሽ ለሚያስገባ ባለሙያ ግን 290 ግራም አንድ ብርጭቆ ውኃ ናት።

ሌላም አማራጭ አለ። የማንፍሮቶ ቢፍሪ አድቫንስድ 1.49 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲታጠፍ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ሲዘረጋ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ይበልጣል እንጂ በክብደቱም በርዝመቱም ከአሉሚኒየሙ ትራቭል ትሪፖድ እምብዛም አይለይም። ዋጋው ግን በ200 ዶላር ዙሪያ ነው። እንግዲህ ገዢው ትርፉን 150 ዶላር የሚከፍለው ለቀጭንነቱና ለአሠራሩ ውበት ነው ማለት ነው። መክፈል ኃጢአት አይደለም፤ ለምን እንደሚከፍል ሳያውቅ መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

የብሩ ጉዳይ

በአገራችን የማንኛውም የውጭ ዕቃ ታሪክ ያለ ምንዛሪ ታሪክ አይሞላም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር። በዚያ ሂሳብ የ600 ዶላሩ ትሪፖድ 34,200 ብር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ ያው ትሪፖድ 60,000 ብር ሆነ። ዶላሩ 10 ብር በጨመረ ቁጥር ትሪፖዱ 6,000 ብር ይጨምራል። ይህ ሁሉ የማጓጓዣው፣ የቀረጡ፣ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሠርግ ባለሙያ በዓመት 40 ሥራ ይሠራል፣ ትሪፖዱም ሦስት ዓመት ያገለግለዋል እንበል። 120 ሥራ ማለት ነው። በቀድሞው ምንዛሪ ትሪፖዱ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሚጥለው ወጪ 285 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሂሳብ 500 ብር ሆኗል። ዕቃው በርግጥ ሥራውን የሚያሻሽል ከሆነ 500 ብር ለአንድ ሠርግ ብዙ አይደለም። ሥራውን የማያሻሽል ከሆነ ግን ሙሽሮቹ ያላዩት፣ ካሴቱ ላይም ሆነ ፍላሹ ላይ የማይታይ የ60,000 ብር ጌጥ ነው። ዕቁብ የደረሰው ወጣት ባለሙያ ብሩን እዚህ ላይ ከማሰሩ በፊት ጥሩ ማይክሮፎን፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ መብራት መግዛቱ ለደንበኛው የሚታይ ለውጥ ያመጣለታል።

አስመጪው ምን ያድርግ?

አስመጪው ነጋዴ ሂሳቡን ከመደርደሪያው በኩል ማየት አለበት። ሃያ የካርቦን ትሪፖድ በውጭው የችርቻሮ ዋጋ ቢታሰብ 12,000 ዶላር ነው፤ በ100 ብር ሂሳብ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር። ሃያ የአሉሚኒየሙ 7,000 ዶላር፣ ማለትም 700 ሺህ ብር ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው። የካርቦኑን የሚጠይቅ ደንበኛ በወር አንድ ሁለት ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሚሊዮኑ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል። የካሜራ ዕቃ ደግሞ እንደ እህል ወቅት ጠብቆ ዋጋው አይጨምርም። አዲስ ሞዴል በወጣ ማግሥት ይረክሳል።

አዲስ ሞዴልም መውጣቱ አልቀረም። ራሱ ፒክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2025 «ፕሮ» ያላቸውን ሦስት ዓይነት ትሪፖዶች አስተዋውቋል። እነዚህ ከመጀመሪያው ይከብዳሉ፣ ይጠነክራሉ፣ የሚሸከሙትም ይበልጣል፤ ዋጋቸውም ከ800 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ 1,000 ዶላር ይጠጋል። ኩባንያው ይህን ማድረጉ ቀድሞ የቀረበበት ነቀፌታ እውነት እንደነበረው የሚያሳይ ምስክር ነው። ትንሽነት ለሁሉም ሰው በቂ ቢሆን ኖሮ ከበድ ያለ ሌላ ባላስፈለገ። በሌላ በኩል የቻይና አምራቾች ቀጭን የካርቦን ትሪፖድ በርካሽ መሥራት ጀምረዋል። የኡላንዚው «ዜሮ ዋይ» ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው። ከላይም ከታችም የተወጠረ ዕቃ በብዛት አይከማችም።

ስለሆነም ብልህ አስመጪ የካርቦኑን በትእዛዝ፣ ቀብድ ተቀብሎ ያመጣል። ኩባንያው ራሱ ያደገው ከደንበኛ አስቀድሞ ገንዘብ በመቀበል ነውና ነጋዴውም በዚሁ መንገድ ቢሄድ አያፍርም። የአሉሚኒየሙን ጥቂት ለማሳያ ያስቀምጣል። ዋናውን ገንዘቡን ግን ፍሉድ ሄድ ባላቸው መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የቪዲዮ ትሪፖዶች ላይ ያውላል፤ ገበያው የሚፈልገው እነሱን ነውና። ከጥርና ከፋሲካ በኋላ ካለው የሠርግ ወቅት በፊት ዕቃው ከጉምሩክ መውጣት እንዳለበትም አይዘነጋም።

የጉምሩኩን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ለትራንዚተሮች የምትጠቅም አንዲት ነጥብ አለች። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ትሪፖድ ቀደም ሲል ራሱን የቻለ ቦታ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2017 እትም ጀምሮ ግን ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዎች 96.20 በሚለው አንቀጽ ሥር ለብቻቸው ተመድበዋል። ዕቃውን «የካሜራ መለዋወጫ» ብሎ በልማድ ማስመዝገብ ለክርክርና ለመዘግየት ይዳርጋል። የመጋዘን ኪራይ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል።

የመለዋወጫም ጉዳይ አለ። ኩባንያው ለዕቃው የዕድሜ ልክ ዋስትና እንደሚሰጥ ያስታውቃል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ዋስትና ግን ለመገናኛ ደንበኛ ምን ይጠቅመዋል? የተሰበረች አንዲት ፕሌት ወይም የጠፋች ብሎን ለማስመጣት የሚወጣው የመላኪያ ዋጋ ከዕቃዋ ይበልጣል። ከሃያ ትሪፖድ ጋር አሥር ፕሌትና ጥቂት መቆለፊያዎች አብሮ ያስመጣ ነጋዴ፣ ዋስትናው በእጁ ነው ማለት ይችላል። ደንበኛ የሚመለሰውም ወደ እንዲህ ያለው ሱቅ ነው።

ገዢው ሱቅ ውስጥ ምን ይፈትሽ?

ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ገዢው ትሪፖዱን ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ የመሐሉን ምሰሶ ግን አያውጣ። ቁመቱ ለሥራው ከበቃው መልካም፤ ካልበቃው ዕቃው ለእሱ አልተሠራም። ቀጥሎ የራሱን ካሜራ ከከባዱ ሌንሱ ጋር ያስቀምጥና ሌንሱን ጫፉ ላይ በጣቱ መታ ያድርግ። በማሳያው መስታወት ላይ ምስሉ ተንቀጥቅጦ እስኪረጋ ድረስ ይቁጠር። ቶሎ የሚረጋው ይመረጣል። ራሱን አጥብቆ ካሜራውን ወደ ፊት ያዘንብለውና ጥቂት ይጠብቅ፤ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ኳሱ ክብደቱን አልቻለም።

ፕሌቱንም ይመልከት። ካሜራው ላይ የሚገባው ብሎን ሩብ ኢንች የሆነ የታወቀ ልክ ስለሆነ ከየትኛውም ካሜራ ጋር ይገጥማል። ፕሌቱ ራሱ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አርካ ስዊስ የሚባለውን ልክ የተከተለ ከሆነ ሲጠፋ የሌላ ፋብሪካ ፕሌት ይተካዋል። የትራቭል ትሪፖዱ ፕሌት ከዚህ ልክ ጋር የሚስማማ መሆኑ ሊመሰገንበት ይገባል። በመጨረሻም መቆለፊያዎቹን ደጋግሞ ይክፈት ይዝጋ። «ኦርጅናል ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ከሚናገረው ይልቅ የመቆለፊያው ድምፅና አያያዝ ብዙ ይናገራል።

ሻጩም በበኩሉ እውነቱን ቢናገር ይጠቀማል። «ይህ ለጉዞ የተሠራ ነው፤ ለሠርግ ቪዲዮ አይሆንህም» ብሎ 60,000 ብሩን ያስቀረለት ደንበኛ፣ ነገ ካሜራ ሲገዛ ሌላ ሱቅ አይሄድም። ደላላ አንድ ጊዜ ኮሚሽን በልቶ ደንበኛውን ካሳዘነ ቀሪውን ዓመት ስሙን ሲያጥብ ይከርማል።

እንግዲህ ያዋጣል?

ለሚጓዝ ያዋጣል። በእግርና በአውሮፕላን የሚንቀሳቀስ የቱሪዝም ፎቶ አንሺ፣ ለውጭ ድርጅቶች ክፍለ ሀገር እየወጣ የሚሠራ ባለሙያ፣ ፎቶ ወዳድ የሆነና ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ አይጸጸትም፤ ለእነዚህም ቢሆን ከካርቦኑ የአሉሚኒየሙ ይበቃል። ለሠርግ ካሜራ ማን፣ ለስቱዲዮ፣ ቋሚ ቦታ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ግን አያዋጣም። እሱ የሚፈልገው ወፍራም እግር፣ የሚዞር ራስና በአገር ውስጥ የሚገኝ መለዋወጫ ነው። ይህን ደግሞ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ያገኛል።

ያገሬ ሰው ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል። ትሪፖድም እንደዚያው ነው። የሚያጣፍጠው የባለሙያው ዓይንና እጅ ነው። ጉልቻው ግን ድስቱን መሸከም አለበት፤ ድስቱ ከባድ ሆኖ ጉልቻው ካነሰ ወጡ ይደፋል። ገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ድስቱን ይለካ፤ ጉልቻውን ከዚያ በኋላ ይምረጥ።